የማዳመጥ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከማንኪያ እስከ በገና

ጥቅምት ላይ ነው። አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ በእረፍት ሰዓት ወደ ሳይንስ ክፍሌ መጣች። «ቲቸር፣ እዚህ ትንሽ ልቀመጥ?» አለችኝ። አሞሽ ነው ወይ አልኳት። «አላመመኝም፤ ጩኸቱ አድክሞኝ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ እኔም መስማት ጀመርኩ። ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከዚሁ ስለሚነሳ የከባድ መኪና ድምፅ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። ከአጥራችን ማዶ ብረት ይቆረጣል። የግንባታ ማሽን አለ፣ የባጃጅ ጥሩንባ አለ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሃምሳ ልጅ በአንዴ ያወራል። የዓለም ጤና ድርጅት በመማሪያ ክፍል ውስጥ የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) እንዳይበልጥ ይመክራል። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲጨዋወቱ እንኳ 60 ገደማ ይደርሳል። የእኛ ልጆች ምን ውስጥ እንደሚውሉ አስቡት።

የማዳመጥ ክበብ የተቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ርዕሰ መምህራችን ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 9:30 ጀምሮ የሳይንስ ክፍሉን ፈቀዱልን። ሃያ የማይሞሉ ልጆች ተመዘገቡ። በድምፅ ዘና ማለትን፣ መረጋጋትን እንለማመዳለን አልን።

መጀመሪያ ሌላው ዓለም ምን እንደሚያደርግ አየን። በሂማላያ ተራሮች አካባቢ ከነሐስ የሚሠራ ጎድጓዳ ሳህን አለ። ጠርዙን በእንጨት ሲያሹት ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያወጣል። ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ጎንግ የሚባል ትልቅ ክብ የብረት መሣሪያ ሲመታ የሚያዳምጡበት ዝግጅትም አለ። እኛ ሳህኑም ጎንጉም የለንም። ስለዚህ በማንኪያ ጀመርን።

እቤት ሞክሩት። አንድ ሜትር ያህል ክር ውሰዱ። የብረት ማንኪያ የክሩ መሀል ላይ እሰሩ። የክሩን ሁለት ጫፎች በሁለቱ አመልካች ጣቶቻችሁ ላይ ጠምጥሙና ጣቶቻችሁን ጆሯችሁ ላይ ድፈኑ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ማንኪያውን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አጋጩት። ለሌላው ሰው ቅጭል የምትል ትንሽ ድምፅ ናት። ለእናንተ ግን ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ንዝረቱ በአየር ከመበተን ይልቅ በክሩና በጣቱ በኩል ቀጥ ብሎ ጆሮ ስለሚገባ ነው። አንዱ ልጅ መጀመሪያ ሲሰማ ደንግጦ ጣቱን አወጣ። ከዚያ መልሶ ከተተው። ለረጅም ጊዜ ጎንብሶ ቆየ፤ ተራ የሚጠብቁት እስኪቆጡት ድረስ።

ቀጥሎ የተጠቀምንበት የትምህርት ቤታችን ደወል ነው። ሁላችሁም እንደምታውቁት ደወላችን የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመታ ጆሮ ይበሳል። ጥበቃችን ጋሼ ግን አንድ ሐሙስ ዱላ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው በቀስታ መቱልን። ያው ቸርኬ ሌላ ነገር ሆነ። ልምምዱ ቀላል ነው። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ እጅ ይነሳል። ልጆቹ ያችን የመጨረሻ ጭላንጭል ድምፅ ለመያዝ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። በዚህ ልምምድ ላይ አንድ ልጅ ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ እጁን ሲያወጣ አየሁ። ወላጆቹን አነጋገርኩ፣ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጆሮው በኩክ ተደፍኖ ነበር። ተጠርጎለት ተመለሰ። የዚህ ክበብ ሥራ ሌላ ምንም ባይኖረው ለእኔ ይህ ይበቃኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አንዲት ልጅ በስልክ ቪዲዮ አመጣች። 528 ሄርትዝ የሚባል ድምፅ በሽታ ይፈውሳል ይላል። ልጆቹ ተደሰቱ። እኔ አልከለከልኳቸውም፣ እንፈትነው አልኩ። 528 ሄርትዝ ማለት አንድ ነገር በሰከንድ 528 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ድምፅ የሚያመነጭ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩና አንዴ 528፣ አንዴ 500 አሰማኋቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነገርኳቸውም። የትኛው አረጋጋችሁ ስል እጃቸው ለሁለት ተከፈለ። ቅደም ተከተሉን ለውጬ ስደግመው «ይሄኛው ነው፣ እርግጠኛ ነኝ» ያለው ልጅ ራሱ ሌላኛውን መረጠ። ይህን የምጽፈው ወላጆችም እንዲያነቡት ብዬ ነው። አንድ የተለየ የሄርትዝ ቁጥር በሽታ እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የታመመ ልጅ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ድምፅ የሚሰጠን እረፍት ነው፤ እረፍትም ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁዳዴ ሲገባ የአንዲት አባላችን አያት በገናቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡልን። ያን ቀን ከክበቡ አባላት ውጪ ያሉ ተማሪዎችም በር ላይ ተደርድረው ነበር። አባባ ወዲያው አልደረደሩም። አስሩን አውታር አንድ በአንድ አሳዩን፤ ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ከአንዱ አውታር ሥር አንዲት ቁራጭ ቆዳ አወጡና አውታሩን ነካ አደረጉት። ድምፁ ደረቅ፣ አጭር ሆነ። ቆዳዋን መልሰው ሸጎጧት። ደግመው ነኩት። ክፍሉ በሙሉ የንብ ቀፎ የሆነ መሰለን። ይህች ቆዳ እንዝራ ትባላለች። አውታሩ ሲርገበገብ ከእሷ ጋር እየተነካካ ያንን የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰጣል። እነ ዓለሙ አጋ በውጭው ዓለም ያሳወቁት የበገና ድምፅ መለያው ይህ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ መዳፋቸውን የድምፅ ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። አንዷ «ቲቸር፣ ክርኔ ድረስ መጣ!» አለች።

አንዱ ልጅ እንዲሞክር ሲፈቀድለት ቶሎ ቶሎ መታው። አባባ እጁን ያዝ አደረጉና «ቆይ ልጄ፣ የመጀመሪያው ይለቅ» አሉት።

ይህ ንግግራቸው አንድ ጥናት አስታወሰኝ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቻቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ለ24 ሰዎች የተለያየ ሙዚቃ አሰምተው የልብ ምታቸውንና ትንፋሻቸውን ለክተዋል። ፈጣን ሙዚቃ ሁለቱንም አፋጠነ። በሙዚቃው መሀል የገባችው የ2 ደቂቃ ጸጥታ ግን ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበሩበት እንኳ በላይ አረጋጋቻቸው። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ እኛም ከእያንዳንዱ ድምፅ በኋላ 2 ደቂቃ ዝም ማለት ጀመርን። ልጆቹ ከሁሉም በላይ የወደዱት ይህችን ክፍል ነው። በዚህ ጩኸት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ዝም የሚባልበት ቦታ ሲሰጠው እንዴት እንደሚይዘው ማየት ልብ ይነካል።

ለሁሉም ግን አልሆነም። አንድ ልጅ ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት ጨነቀው፣ ተነስቶ ወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሁሉም ይጨፍን ብዬ አዝዣለሁ። ከዚያ በኋላ ዓይን መግለጥ፣ መስኮት ዳር መቀመጥ፣ መውጣትም ይቻላል ተባለ። ልጁ ተመለሰ። ዓመቱን በሙሉ ዓይኑን ገልጦ፣ ዛፉን እያየ አዳመጠ።

የወላጆች ጥያቄም ነበር። አንዳንዶች የሌላ እምነት ሥርዓት እንዳይሆን ሰጉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ጠርተናቸው አብረውን ተቀመጡ፣ የምናደርገውን አዩ። በገና የመንፈሳዊ ዜማ መሣሪያ ስለሆነ እንዲያዳምጥ የተገደደ ልጅ የለም። ከስብሰባው በኋላ አንዲት የወሎ እናት «እኛ ጋ ደግሞ መንዙማ አለ» ብለው በሌላ ሐሙስ መጥተው አሰሙን። እሳቸው ሲያዜሙ ልጆቹ ሳያውቁት ወገባቸው ግራ ቀኝ ይወዛወዝ ነበር።

ሰኔ ሲቃረብ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ጨንቋቸው ወደ እኛ መጡ። ያስተማርናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። በአፍንጫ አየር መሳብ፣ ከዚያ አፍ ዘግቶ «እምምም» እያሉ አየሩ እስኪያልቅ ማውጣት። ድምፁ ትንፋሹን ያስረዝመዋል። ስንተነፍስ አየር የምናወጣበት ጊዜ ሲረዝም የልብ ምት ዝግ ይላል። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። የክበቡ ልጆች ፊት ቆመው እያሳዩ ሲመሩ ታላላቆቻቸው ተከተሏቸው። ውጤት አሻሻለ ብዬ አልጽፍም፤ ያንን አልለካንም። እጃቸው ይንቀጠቀጥ የነበሩ ልጆች እስክርቢቶ አስተካክለው ሲይዙ ግን አይቻለሁ።

የመጨረሻው ሐሙስ ዝናብ ነበር። የሳይንስ ክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ሲዘንብ ማስተማር አይቻልም። ማንኪያውን አስቀመጥን፣ ስልኩንም ዘጋን። ብዙዎቹ ልጆች ከመሀል ከተማ ተነስተው እዚህ ኮንዶሚኒየም የገቡ ናቸው። ያቺ ጥቅምት ላይ የመጣችው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ጭንቅላቷን አሳረፈች። «ድሮ ቤታችን እንዲህ ነበር የሚሰማው» አለች። ሌላ ማንም አልተናገረም። ዝናቡ እስኪያባራ እንደዚያው ቆየን።

ክበቡ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ይቀጥላል። አዲስ የምትመዘገቡ ልጆች አንድ የብረት ማንኪያና አንድ ሜትር ክር ይዛችሁ ኑ።