ሄሊኮፕተሩ ይምጣ፣ ፓይለቱን ግን አትለምኑት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ከርማችኋል? እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ሐይቅ ውስጥ ስላለችው ስለ ደቅ ደሴት በሽተኞች በተወራ ቁጥር አንዱ «ሄሊኮፕተር ቢኖርኮ» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት በጀልባ አሳፍሮ፣ ሞገዱ ከፍ ዝቅ እያደረጋት እስከ ከተማ ማምጣት ምን እንደሚመስል የደሴቱን ሰው ጠይቁት። ደቅ ከባሕር ዳር በአየር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለሄሊኮፕተር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ስለዚህ ሐሳቡን አልቃወምም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልክ ይደወላል እንበል። ሰማዩ እየከበደ ነው። ፓይለቱም «ዛሬ አልሄድም» ይላል። ያኔ ምን እንለዋለን?

እኔ የማውቀው ሕዝባችንን ነው፤ እንለምነዋለን። «በእናትህ» እንለዋለን፣ «በልጆችህ» እንለዋለን፣ ካልሆነ ሽማግሌ እንልካለን፣ ካልሆነ አንድ የሚያውቀውን ባለሥልጣን ከእንቅልፉ ቀስቅሰን እናስደውላለን፣ ያም ካልሠራ «ፈሪ ነው» ብለን እናስወራበታለን። ይሉኝታ የሚይዘው ሰው ይህን ሁሉ ችሎ «አይ» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ ይነሣል። የተነሣው ግን ሰው ስላለቀሰ እንጂ ሰማዩ ስለተሻለ አይደለም።

የጣና ሰማይ ደግሞ በማታ አይታመንም። በክረምት ቀን ቀን ደመናው የሚከመረው ወደ ጉናና ወደ ጎጃም ተራሮች ነው። ሲመሽ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ሐይቁ ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል፣ ከዳር ከዳሩ የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ ሐይቁ ላይ ይገናኝና ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። መብረቁና ዶፉ ሌሊቱን የሚወርደው ለዚህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ እዚህ ያደረ ሰው ያውቀዋል። አመሻሹ ላይ ጥርት ያለ ሰማይ አይተህ ትተኛለህ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቆርቆሮው ይቀሰቅስሃል።

ታዲያ አስቡት። ቀን ደመናን ከሩቅ ታየዋለህ፣ ትዞረዋለህ። ማታ የምታውቀው ከገባህበት በኋላ ነው፤ ቀደም ካልክ ደግሞ የሩቁ መብራት ሲደበዝዝ። ከባሕር ዳር ተነሥተህ ወደ ሰሜን ስታቀና የከተማው መብራት ከኋላህ ይቀራል። ከፊትህ ሐይቁ ነው። ጨረቃ ከሌለች ውኃውና ሰማዩ የት ላይ እንደሚገናኙ አይለይም። ችግሩ ባንዴ ቢመጣ እኮ ጥሩ ነበር፣ ማንም ይመለስ ነበር። የሚመጣው ቀስ እያለ ነው። ደመናው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ፓይለቱም ከሥሩ ለመሄድ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዝናቡ መስተዋቱን ይመታል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። «እስቲ ትንሽ ልሂድና ልየው» ይላል። እንዲህ እያለ፣ ከሥሩ ጥቁር ውኃ ከላዩ ጥቁር ደመና ሆኖ፣ መዞሪያ እንኳ የሚጠብበት ቦታ ይደርሳል።

ያኔ የሚያታልለው የገዛ ጆሮው ነው። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ነው፤ ዓይን አድማስ ካጣ ጆሮ ብቻውን ይሳሳታል። ወደ ጎን እያዘነበለ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚበር ይመስለዋል። በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ ንባብ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎችን ፈትኖ ነበር። ውጭውን እንዳያዩ ሲደረጉ ሃያውም መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ በ178 ሴኮንድ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም! ያውም ሙከራው በአውሮፕላን ነው። ሄሊኮፕተር ደግሞ ፓይለቱ ለአፍታ ቢዘናጋ እንደ አውሮፕላን በራሱ ተረጋግቶ የመሄድ ጠባይ የለውም።

«የሌሊት መነጽር አለ አይደል?» የሚለኝ አለ። አለ፣ ጥሩም ነው። ግን ያለውን ጥቂት ብርሃን ያጎላል እንጂ ብርሃን አይፈጥርም፣ ደመና ውስጥም አሳልፎ አያሳይም። በመሣሪያ ብቻ መብረር የሠለጠነ ፓይለት የግድ ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ከደመናው ወጥቶ የሚያርፈው ኤርፖርት እንጂ ደቅ ላይ ያለ የኳስ ሜዳ አይደለም።

ሥራውን ከኛ በፊት የጀመሩት አገሮች ይህን በሰው ሕይወት ነው የተማሩት። አሜሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕክምና ሄሊኮፕተር አደጋ ብዙ ሰው አለቀባት። በ2014 እ.ኤ.አ. የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቷ አዲስ ደንብ አወጣ። ፓይለቱ በመሣሪያ ለመብረር ፈቃድ ይኑረው፣ ሄሊኮፕተሩ ከመሬት ያለውን ከፍታ የሚለካና መሬት ሲቀርብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይኑረው፣ ከመነሣት በፊት አደጋው ይመዘን አለ። እኔን የገረመኝ ግን አንዷ ጥያቄ ናት፦ ይህን በረራ ሌላ ድርጅት እምቢ ብሎታል ወይ? ለካ እዚያም አንዱ በአየሩ ምክንያት እምቢ ሲል፣ ጠሪዎቹ የመጀመሪያው እምቢ ማለቱን ሳይነግሩ ለሌላው ይደውሉ ነበር። ባጃጅ የምንጠራ ይመስል!

ሌላም ልማድ አላቸው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ፓይለቱ በሽተኛው ማን እንደሆነ አይነገረውም። ሕፃን ይሁን፣ ወላድ ትሁን፣ የማን ዘመድ ይሁን አያውቅም። ቦታው የት እንደሆነና ክብደቱ ስንት እንደሆነ ብቻ ይነገረዋል፤ ሰማዩን አይቶ እሄዳለሁ ወይም አልሄድም ይላል። አብራው ያለችው ነርስ ደግሞ መንገድ ላይ «ደስ አላለኝም፣ እንመለስ» ካለች ይመለሳሉ። አንድ ሰው «አይ» ካለ በቃ፣ ምክንያት ቆጥረህ አስረዳ የለም። መንገድ ላይ ሰማዩ ሲበላሽ አንድ ደኅና ሜዳ ፈልጎ ማረፍም አያስነቅፍም።

እኛ ጋ ይሄ ይሠራል? ይሠራል፣ ካሁኑ ከተስማማን። የፓይለቱ ስልክ በቤተሰብም በባለሥልጣንም እጅ አይግባ። ጥሪውን የሚቀበል ሌላ ሰው ይኑር፣ ልመናውም ዛቻውም እሱ ጋ ይቅር። ከምን ያህል ከፍታና ፍጥነት በታች ከሆነ መመለስ እንዳለበት ቀን በብርሃን ተጽፎ ይቀመጥ፤ ፓይለቱ ሌሊት ላይ ከራሱ ጋር እንዳይከራከር። በክረምት ስንት ሌሊት እንዳልተነሣም ለሕዝብ ይነገር፣ እንደ ስንፍና ሳይሆን እንደ ሥራ።

ከዚህ ደግሞ አንድ ነገር ይከተላል፣ እሱን ነው ብዙ ሰው መስማት የማይፈልገው። በክረምት ሌሊት ሄሊኮፕተሩ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ የሌሊቱ መላ ሌላ መሆን አለበት። የመውለጃ ቀኗ የተቃረበ የደሴት ሴት ምጥ ሳይጀምራት ሐኪም ቤት አጠገብ እናቶች ማቆያ ትግባ። ጀልባውም ደህና መብራትና ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ የሕይወት ጃኬት ይኑረው። ሄሊኮፕተር ለመግዛት ሲታሰብ የጀልባው ገንዘብ እንዳይነካ እፈራለሁ። የጣና ባለ ጀልባዎች ሐይቁ ጠዋት ጠዋት ጸጥ እንደሚል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሣ ያውቃሉ፤ እነሱንም የሚጠይቅ ይኑር።

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ለሚቲዎሮሎጂ ሰዎች። የባሕር ዳር ሰማይ የደቅን አይነግርም። እዚህ ኮከብ እየታየ እዚያ ሊዘንብ ይችላል። የደመናውን ከፍታና የእይታውን ርቀት ሌሊቱን እየለካ የሚልክ መሣሪያ ደሴቱ ላይ ለማቆም ምን ያህል ይፈጃል? ከሄሊኮፕተሩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስለኛል፣ ለባለ ጀልባዎቹም ይጠቅማል። የሚያውቅ ካለ በጋዜጣችሁ ይመልስልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር