ሞጆን ያላለፈ ዘገባ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ሐዋሳ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ቆመን ተነጋገርንበት። ብዙው ደህና ነው። እኔን ያንገበገበኝ «የካህናት ምክር ቤት ካልተስማማ ጳጳሱ ቁምስና መክፈትም መዝጋትም አይችልም፤ ይህም በአገራችን አህጉረ ስብከት ሁሉ ይሠራል» የሚለው ነው። ቁምስና ማለት በአንድ ቆሞስ ሥር ያለ አጥቢያ ነው፤ የካህናት ምክር ቤት ደግሞ ጳጳሱን የሚያማክር የካህናት ጉባኤ ነው። ስሕተቱ እጥፍ ነው፤ ጉዳቱም እኛ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት (የምዕራቡ የካቶሊክ ክፍል) ሕገ ቀኖና፣ ቁጥር 515፣ ጳጳሱ ቁምስና ከማቋቋሙ፣ ከማጠፉ ወይም በጉልህ ከመለወጡ በፊት የካህናቱን ምክር ቤት እንዲሰማ ያዝዛል። እንዲሰማ እንጂ ፈቃድ እንዲያገኝ አይልም! ቁጥር 500ም ምክር ቤቱ ያለው የምክር ድምፅ ብቻ መሆኑን፣ የካህናቱ ስምምነት ግድ የሚሆነው ሕጉ ለይቶ በጠቀሳቸው ጉዳዮች መሆኑን ይናገራል። መስማቱ ግን እንዲያው ለይስሙላ አይደለም። በቁጥር 127 መሠረት፣ ሕጉ ምክር ጠይቅ ያለው አለቃ ሳይጠይቅ ቢወስን ውሳኔው አይጸናም። ሁሉም በአንድ ቃል የመከሩትንም ያለ ከባድ ምክንያት ወደ ጎን ማለት አይገባውም። ጋዜጠኛችሁ ይህን ቢጽፍ ኖሮ ካህኑም ምእመኑም እስከ ምን ድረስ መጠየቅ እንደሚችል ባወቀ ነበር።

«በአህጉረ ስብከት ሁሉ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ስለሚከተሉ የሚተዳደሩት እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ነው። እኛ ሐዋሳዎች ግን፣ እንደ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ መቂና ነቀምቴ ሁሉ፣ በላቲን ሥርዓት ሥር ያለን ሐዋርያዊ ቪካሪያት ነን፤ ይኸውም ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆነ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም የሚተዳደር ግዛት ማለት ነው። በላቲን አህጉረ ስብከት ከካህናት ምክር ቤት አባላት ግማሽ ያህሉን ካህናቱ ራሳቸው ይመርጣሉ። ለቪካሪያት ሕጉ በግድ የሚጠይቀው ቢያንስ ሦስት ሚስዮናውያን ካህናት ያሉበት ምክር ቤት ነው፤ ሐሳባቸውን በደብዳቤ መቀበልም ይበቃል። ቁጥር 495ን ገልጦ ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በዘገባው የተናገሩት ሰዎች ሁሉ የአዲስ አበባ ናቸው። አንድ የስልክ ጥሪ እንኳ ሞጆን አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ያለነው ስንቆጠር «ሁሉ» ውስጥ አለን፤ ስንጠየቅ የለንም።

ነገሩ የሚያመኝ በወሬ ስለማውቀው አይደለም። ባደግሁበት ገጠር የምንወዳቸው አባ መዛወራቸውን የሰማነው ከቅዳሴ በኋላ በተነበበ ማስታወቂያ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ካቴኪስት (የሃይማኖት አስተማሪ ምእመን) ሆኖ፣ ካህን በወር አንዴ በሚደርስበት ጸሎት ቤት እሑድ እሑድ ሕዝቡን ይዞ የጸለየ ሰው ነበር። ያን ጸሎት ቤት ከሌላ ቁምስና ጋር ሲያጣምሩት እሱን የጠየቀው የለም። ካህናቱም ተጠይቀው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በ2014 ዓ.ም. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በዓለም ዙሪያ ምእመናኗን የጠየቀችበት የሲኖዶሱ ምክክር ሲጀመር ጥያቄዎቹን ለእናቶች በሲዳምኛ ሳነብብ፣ ተደጋግሞ የመጣው መልስ «ከመወሰናችሁ በፊት ንገሩን» የሚል ነበር።

ይህ ልመና ሮም ደርሷል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የጸደቀውና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የተቀበሉት የሲኖዶሱ የመጨረሻ ሰነድ፣ «የምክር ድምፅ ብቻ» የሚለው የሕጉ አነጋገር እንደገና እንዲመረመር ጠይቋል። ዛሬ እንደ ጳጳሱ ፈቃድ የሚቋቋሙት፣ ምእመናንም የሚገኙባቸው ሐዋርያዊ አገልግሎት ምክር ቤቶችም ግዴታ እንዲሆኑ አጥብቆ አሳስቧል። ጠይቋል አልኩ፤ ሕጉ ተለውጧል አላልኩም። የመወሰን ሥልጣን ከጳጳሱ ይወሰድም አላለም። እናንተ ግን ገና የሚለመነውን እንደተሰጠ አድርጋችሁ አተማችሁት። ነገ የእኛ ሰው ተነሥቶ «ካህናቶቻችን ይሰሙ» ቢል፣ «ጋዜጣው ላይ አላነበብክም እንዴ? ከመሰማት አልፈው ፈቃድ ሰጪ ሆነዋል» ይባላል። የቀረንን አንድ ጥያቄም ወሰዳችሁብን።

ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን እንዲታረም እጠይቃለሁ። ማረሚያው ቪካሪያቶቹን በስማቸው ይጥራ፤ ቁጥር 495ንና 515ንም ይጥቀስ። ጋዜጠኛችሁ ከካህናትና ከካቴኪስቶች ጋር መነጋገር ከፈለገ ወደ ሐዋሳ ይምጣ፤ ሰዎቹን እኔ አገናኘዋለሁ።

የቁምስና ምክር ቤት አባል
ከሐዋሳ