ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ

ለውዷ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጀብኝ። እማማ ሲያርፉ አንዴ ደውዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ጠፋሁ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ብሎ ይደውላል እያልኩ አንዱን ወር በሌላው ገፋሁት። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልልሽም። አፍሬ ነው። ይቅር በዪኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አንዲት የሰፈራችንን ልጅ አገኘሁ። ልጅሽ 16 ዓመት ሞላት አለችኝ። ድምፅሽን እንዳለ ወርሳዋለች፣ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር አላፊ አግዳሚው ይቆማል አለችኝ። አንቺ ግን «አካውንቲንግ ትማር፣ ዘፈን እንጀራ አይሆንም» ብለሻል አሉ። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ አንዲት ሴት ሳልነግርሽ አልቀርም አልኩ።

ፕሪቲ ዬንዴ ትባላለች። ደቡብ አፍሪካዊት የኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን የሚቀርብ ቴአትር፣ ዘፋኝ ናት። ሶፕራኖ፣ ማለትም ከሴቶች ድምፅ የላይኛው። የተወለደችው በ1985 ፒት ሬቲፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። አፓርታይድ ሲያበቃ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። መዝሙር ከአያቷ ነው የተማረችው። እና ስሚኝ፣ እሷም አካውንታንት ለመሆን ነበር ያሰበችው!

16 ዓመቷ ላይ፣ ልክ እንደ ልጅሽ፣ ከቤተሰቧ ጋር ቴሌቪዥን ስታይ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ማስታወቂያ መጣ። ከጀርባው የሁለት ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ሊዮ ደሊብ በ1883 ለመድረክ ካበቃው «ላክሜ» ከተባለው ኦፔራ የተወሰደ ነው። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ አለቀ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ ያ ምንድነው ብላ አስተማሪዋን ጠየቀች። ኦፔራ ይባላል አሏት። እንግዲያው እሱን ነው የምማረው አለች።

ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ዘፋኟ ቨርጂኒያ ዴቪድስ አስተማሯት። በ2009 ቪየና ላይ ቤልቬዴሬ በተባለው የኦፔራ ዘፋኞች ውድድር አንደኛ ወጣች። ከዚያ ሚላን፣ ላ ስካላ የተባለው የኦፔራ ቤት አካዳሚ ገባች። በ2011 ደግሞ ሞስኮ ላይ ኦፔራሊያ የተባለውን ሌላ ውድድር አሸነፈች። ከዚያች ማስታወቂያ እስከ ቪየና ስምንት ዓመት ነው። እኛ አንድ ሰው በዘፈን ሲሳካለት «ተሰጥኦ ነው» ብለን እናልፋለን። እነዚያን ስምንት ዓመታት ማንም አይቆጥራቸውም።

አሁን ልነግርሽ የምፈልገው ግን ጃንዋሪ 2013 ላይ የሆነውን ነው። ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ። ሮሲኒ የደረሰው ኦፔራ «ካውንት ኦሪ» ሊታይ ነው፣ አንዲት ሶፕራኖ ቀረች። ዬንዴ ተጠራች። ሚናውን አታውቀውም። በአንድ ሳምንት ገደማ አጠናችው። የመጀመሪያው ምሽት ደረሰ፣ አዳራሹ ሞላ፣ ወደ መድረክ ገባች። ገና ስትገባ ደረጃው አደናቀፋትና ወደቀች። በዚያ ቤት የመጀመሪያ ቀኗ ነው! ያ ሁሉ ሰው እያየ። ተነሳችና ዘፈነች። ሲያልቅ ጭብጨባው ጎረፈላት።

ይህን ሳነብ አንቺ ነሽ ዓይኔ ላይ የመጣሽው። የወላጆች በዓል ዕለት፣ ነጭ ሸሚዝሽን ለብሰሽ፣ ድምፅሽ መሃል ላይ ተሰበረ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። አንድም መምህር «ቀጥይ» አላለሽም። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ቆመሽ አላየሁሽም። እኔም አጠገብሽ ቆሜ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ ያየኋት በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ለዚያ ብዬ ሌሊት በአውቶቡስ ከሲልቨር ስፕሪንግ ኒውዮርክ ሄድኩ። የቆረጥኩት የመጨረሻውን ርካሽ ትኬት፣ ጣሪያው ሥር ያለውን ወንበር ነው። ዶኒዜቲ የደረሰው ኦፔራ «የክፍለ ጦሩ ልጅ» ነበር። ማሪ የምትባል ወላጅ የሌላት ልጅ አለች፣ ያሳደጓት ወታደሮች ናቸው። መጀመሪያ ላይ የወታደሮቹን ልብስ እየተኮሰች ትቀልዳለች፣ ታስቃለች። በኋላ አንዲት ባላባት ሴት አክስትሽ ነኝ ብላ ልትወስዳት ትመጣለች። ከኦርኬስትራው አንድ የትንፋሽ መሣሪያ ቀስ ብሎ ይጀምራል። ማሪ ላሳደጓት ሰዎች «መሄድ ግድ ሆነብኝ» ትላቸዋለች።

ዬንዴ እዚያ ጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችው፣ ክር እስኪመስል ድረስ። አዳራሹ 3,800 ገደማ ሰው ይይዛል፣ ዘፋኞቹ ማይክ የላቸውም። ያ ክር እኔ ያለሁበት ጣሪያ ሥር ድረስ መጣ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ መሀረባቸውን አወጡ። እኔ ቦሌ ነበርኩ። በሩ ጋ ሻንጣዬን አቀብለሽኝ «ዞረሽ እንዳታዪኝ» አልሽኝ። አልዞርኩም። አውሮፕላን ውስጥ እንኳ ያላለቀስኩትን እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩት። በማግስቱ ልጽፍልሽ ጀምሬ ተውኩት።

ያለ ማይክ እንዴት እንደሚሰማ ገርሞኝ ብዙ አነበብኩ። ሶፕራኖ ወደ ላይ በወጣች ቁጥር አፏን እየከፈተች የምትሄደው የአፏና የጉሮሮዋ ክፍተት ከኖታው ጋር እንዲገጥም ነው። ሲገጥም ጉልበት ሳይጨመርበት ድምፁ ያድጋል፣ ኦርኬስትራውን ያልፋል። በጣም ከፍ ሲል ቃሉ የማይለየውም ለዚህ ነው። አንቺን መዘምራን ውስጥ «ቀንሺ፣ የሌላውን ሸፈንሽው» ይሉሽ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሰዎች ለዚያ ድምፅ ዓመታት ይለፋሉ።

በሜይ 2023 የንጉሥ ቻርልስ ዘውድ ሲጫን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ የዘፈነችውን አይተሽ ይሆናል። እሷ ናት። በእንግሊዝ የዘውድ መጫን በዓል ላይ ለብቻዋ የዘፈነች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ ያችን ደረጃ ላይ የወደቀችውን ነው የምወዳት።

አካውንቲንጉን ትማር፣ ምንም አይደል። ግን እባክሽ ያሬድ ትምህርት ቤት አካባቢ ጠይቂና ድምፅ የሚያስተምር አንድ ሰው ይስማት። የትምህርቱን ወጪ እኔ እችላለሁ፣ በዚህ አትከራከሪኝ።

ቅዳሜ ማታ፣ በእናንተ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ያንን የሁለት ሴቶች ዜማ በማስታወቂያው ላይ እንደነበረው ተቆርጦ ሳይሆን ከመጀመሪያው አብረን እንሰማዋለን። ድሮ የላይኛውን አንቺ፣ የታችኛውን እኔ ነበር የምንይዘው። ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጫት። ስልኩንም እሷ ታንሳው።

ናፋቂሽ