ጥቀርሻው ቱቦ ውስጥ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንጅባራ ከተማ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ክረምቱ ሳይገባ እንድታወጡልኝ እለምናለሁ።

በእናቴ ማድ ቤት ጥቀርሻ ከጣሪያው ሣር ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። ወጥ ውስጥ ጠብ ሲል መጥረጊያ ይዘን እንነሣለን። እኔ ግን ከ3 ዓመት በፊት ለምድጃዬ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አስተከልኩ። ዓይኔ ከጭስ ዳነ። ጥቀርሻም የቀረ መሰለኝ። ለካ ቱቦው ውስጥ ተደብቆ ኖሯል።

አምና ሐምሌ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ቱቦው እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። ቀልቶ ፍም መሰለ። የማዳበሪያ ኮርኒሴ ተያያዘ። ጎረቤቶቼ ኮርኒሱን ቀደው አወረዱት። እኔ የምድጃውን አፍ በጭቃ ደፈንኩት። አየር ሲያጣ ጸጥ አለ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

በማግስቱ ቱቦውን አስወርጄ አየሁት። ከጣሪያው በላይ ባለው፣ ብርድ በሚመታው በኩል፣ ሳይቃጠል የተረፈው ጥቀርሻ እንደ ሬንጅ ያብለጨልጫል። በቢላ እንኳ አይፋቅም። እሳት ሲይዘው እንደ ነዳጅ የሚነደው እሱ ነው።

ጥፋቱ የርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ ድረስ ውኃ ነው። እሳቱ ውኃውን ሲያተን ይደክማል፤ እንጨቱ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ጭሱ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካ እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። ያ ላብ ነው እየደረቀ የሚጋገረው። እኔም እንጨት ልቆጥብ ብዬ እሳቱን አፍኜ ነበር የማነደው። ባሰበት። ቱቦው ከተደፈነ ደግሞ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ከጭሱ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ አለ። ሕፃን ያለበት ቤት አስቡት።

ቱቦውን የተከለልኝ ሰው ይጠረጋል አላለኝም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አሁን ፍልጤን ከጥቅምት ጀምሬ እየገዛሁ ፀሐይ ላይ እከምራለሁ፤ ቢያንስ 6 ወር ይቆያል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱን ስታጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቱቦውን በየወሩ፣ ምድጃው ሲበርድ፣ ረጅም ቀርቀሃ ጫፍ ላይ የሽቦ ብሩሽ አስሬ እፈትገዋለሁ። ቀርቀሃ በእኛ አገር ሞልቷል።

ቱቦ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ከግርጌው የሚከፈት ክዳን አድርጉለት። የእኔ የለውም፤ በየወሩ መሰላል ተደግፌ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ።

እንጀራ ጋጋሪ፣ ከእንጅባራ