ቀርከሃ በቁጥር አይገዛ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ሳቢያን ውስጥ ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። ስለ ቀርከሃ የወጣ ነገር ካለ ሳላነብ አላልፍም፤ ገንዘቤን በልቶብኛልና። የሚጻፈው ግን ሁሌም የችግኝ ወሬ ነው። ይህን ያህል ተተከለ፣ ይህን ያህል ሊተከል ነው። መትከሉን አልቃወምም። ከተቆረጠ በኋላ ስለሚሆነው ግን የሚያወራ አላየሁም፤ ገበሬው የሚጎዳውም፣ እኛ ገዢዎቹ የምንከስረውም እዚያ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምጣድ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ስለዚህ ለደንበኞቼ የቀርከሃ ዳስ ላሠራ አሰብኩ። ቆንጆ ነው፣ ነፋስ ያስገባል፣ ከብረት ይረክሳል አሉኝ። በደላላ በኩል ከደቡብ በአይሱዙ ተጭኖ መጣልኝ። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዩት ደስ የሚል። ዳሱ የቆመ ሰሞን ሰው ፎቶ እየተነሳበት ይሄድ ነበር።

ከዚያ መሰንጠቅ ጀመረ። ቀትር ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ በርጫ ላይ ሆኖ ጭር ሲል፣ ጧ! የሚል ድምፅ ይሰማል። ደንበኛ ደንግጦ ይነሳል። ጥቂት ወራት እንዳለፈ ደግሞ ጠዋት ጠረጴዛዎቹን ስወለውል እንደ በሶ የደቀቀ ቢጫ ዱቄት አገኝ ጀመር። እየጠረግኩት ነጋ ጠባ ይመለሳል። ቀና ብዬ ሳይ ቀርከሃው በመርፌ የተወጋ ይመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ነቀዝ ነው። ዓመት ሳይሞላው አፈረስኩት። ሻጩን ስጠይቀው «ቀርከሃ እንግዲህ እንዲህ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ቀርከሃ የማይረባ እንጨት ነው ብዬ ለስንት ሰው አወራሁ።

ባለፈው ጥር ወንድሜ ልጅ ወልዶ ለአራስ ጥየቃ ወደ ሲዳማ ሄድኩ። ባለቤቱ የሀገረ ሰላም ልጅ ናት። ከሐዋሳ ወደ ላይ ሲወጡ ብርዱ ሌላ ነው፤ ከድሬ ለሄደ ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ ነው። እያንዳንዱ ግቢ ቀርከሃ አለው፤ ከእንሰቱ ጀርባ፣ በአጥሩ ዙሪያ። የምራቴ አባት ቤት ደግሞ ራሱ በቀርከሃ የተሠራ ነው። ገብቼ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ጭስ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ያብለጨልጫል። ነካሁት፤ እንደ ብረት ነው። አንድ ቀዳዳ የለውም። ስንት ዓመቱ ነው ብላቸው፣ ምራቴን ከመዳራቸው በፊት የተሠራ መሆኑን ነገሩኝ። የእኔ ዳስ ዓመት አልሞላውም፤ የሳቸው ቤት ልጅ አሳድጎ ድሯል። እንጨቱ ያው አንድ እንጨት ነው!

በማግሥቱ ወደ ቀርከሃው ወሰዱኝ። ታናሽ ልጃቸው ያስተረጉምልኛል። ቀርከሃ በአንድ ክረምት፣ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፣ አይወፍርም። ግን ልጅ ነው። እስኪጠነክር ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። የዘንድሮው ነጭ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፣ ልባሱም ገና አልረገፈም። የቆየው ሽበት ያወጣል፤ ቆዳው ይደበዝዛል፣ ነጠብጣብ ይይዛል። አባባ በማጭዳቸው ጀርባ አንዱን መቱት፣ ድፍን ያለ ድምፅ ሰጠ። ሌላውን መቱት፣ ጠራ ብሎ ጮኸ። «ይሄ ደርሷል፣ ያ ገና ውኃ ነው» አሉኝ። የእኔ ዳስ ትዝ አለኝ። አረንጓዴና አብረቅራቂ ብዬ የወደድኩት ለካ ልጁን ቀርከሃ ነው።

የምናገረው ሁሉ የመጣው ከሚቀጥለው ጥያቄ ነው፤ እባካችሁ ይህችን እንዳትቆርጡብኝ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ልጁን ቀርከሃ ይሸጣሉ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ቀጥለው፣ «ልጄ፣ ነጋዴው የሚገዛኝ በቁጥር ነው። የዘንድሮውም የአራት ዓመቱም አንድ ዋጋ ነው። መስከረም ሲመጣ ልጆች ይመዘገባሉ፣ ደብተር አለ፣ ሰው ይታመማል። አንድ ዋጋ ከሆነ ለምን አራት ዓመት አቆየዋለሁ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እኔም በቁጥር ነበር የገዛሁት። ስንት ዓመቱ ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ስንት ፍሬ ነው፣ ባንዱ ስንት ብር ነው፣ አለቀ።

እዚህ አጠገባችን ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ስፌት የምትሸጥ ሴት ዘንድ ሄዳችሁ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋውንና የላላውን ባንድ ዋጋ ስጪን በሏት እስቲ። ትስቅባችኋለች። ገዢውም ያውቃል፣ ሻጯም ታውቃለች፤ ጥራት ዋጋ ስላለው ነው ያ እጅ ሥራ እስከ ዛሬ የቆየው። የቀርከሃ ገበሬ ይህ ዕድል የለውም። እውቀቱ አለው፣ ለእውቀቱ የሚከፍል ግን የለም።

ጉዳቱ በአንድ ዳስ አያበቃም። ቀርከሃ ከሥሩ ተያይዞ ነው የሚኖረው፤ አዲሱን የሚመግበው ከጎኑ የቆመው ነው። የደረሱትን መርጦ ላነሳ ሰው በየዓመቱ ይሰጣል፣ እንደ ባሕር ዛፍ ተጨፍጭፎ እንደገና መጀመር የለም። ልጆቹን እየመረጡ ቢቆርጡት ግን ሥሩ እየደከመ ይሄዳል፣ የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ ይቀጥናል። ገበሬው ለመስከረም ብሎ የቆረጠው የራሱን የነገ ገቢ ነው ማለት ነው።

ኢንባር የሚባለው ዓለም አቀፍ የቀርከሃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ያደረገው ጥናት ኢትዮጵያ ወደ 1.47 ሚሊዮን ሄክታር የቀርከሃ መሬት እንዳላት ይናገራል። ይህን ያህል ሀብት ይዘን ሱቄ ውስጥ የምሸጠው ስቴኪኒ ፓኬቱ ላይ የቻይና ጽሑፍ ነው ያለው። አቦ፣ ያንገበግባል!

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ የጠየቅኩትን ልናገር። መጀመሪያ ዋጋው በዕድሜ ይሁን። ይህ ፋብሪካ አይፈልግም፣ አንድ ጣሳ ቀለም ይበቃዋል። በየዓመቱ አዲስ የበቀለው ላይ የዓመቱን ቀለም ምልክት ማድረግ ነው፤ ከዚያ ሻጭና ገዢ አይጨቃጨቁም። ሁለተኛ የመስከረሙ ጉዳይ አለ። ገበሬው በችግር ሰዓት ልጁን ቀርከሃ እንዳይቆርጥ ገዢው ቀብድ ይስጠው፣ ወይም የአካባቢው ብድርና ቁጠባ ቆሞ ባለው ቀርከሃ ላይ ያበድረው። ደን ጠብቁ እያሉ ማስተማር ብቻውን ደብተር አይገዛም።

ማከሙ ደግሞ እዚያው በተቆረጠበት ቦታ መሆን አለበት። ነቀዝ የሚወደው በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው፤ ለዚህ ነው በበጋ መቆረጥ ያለበት፣ በዝናብ ወቅት የተቆረጠ ቶሎ ይበላል። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ የሚባሉት ኬሚካሎች የተበጠበጡበት ውኃ ውስጥ፣ አንጓዎቹ ተበስተው፣ ለቀናት ከተነከረ ነቀዝ አይደፍረውም። ጉድጓድ ቆፍሮ ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ ነው፤ አምስት ስድስት የሠፈር ልጆች በማኅበር ሆነው የሚሠሩት ሥራ ነው። ከዚያ ጥላ ሥር አቁሞ ቀስ ብሎ ማድረቅ። የእኔ ድሬ ደርሶ የተሰነጣጠቀው ከነውኃው መጥቶ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ስለመታው ነው።

ሌላ አንድ ነገር አለ፣ የጭነቱ። የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው። መኪና ሙሉ ቀርከሃ አስመጣሁ ስል ግማሹን ነዳጅ የከፈልኩት አየር ለማስጫን ነበር። እዚያው ተሰንጥቆ፣ ተልጎ፣ ታስሮ ቢመጣ ያው መኪና ስንት እጥፍ ይይዝ ነበር! መሰንጠቁም፣ ምንጣፍ መሥራቱም እዚያ ላሉ ሴቶችና ወጣቶች እንጀራ ነው። አሁን ግን ገበሬው ጥሬውን ይሸጣል፣ ደላላው ያተርፋል፣ በየኬላው ይከፈላል፣ እኔ ጋ ሲደርስ አንዱ ፍሬ እዚያ ብዙ ፍሬ የሚገዛ ብር ይጠይቃል። ከዚያ ሁሉ ወደ አባባ ኪስ የገባው ትንሹ ነው።

እኛም ድሬ ላይ ሆነን የምንሠራው አለ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በደጃችን ያልፋል፣ ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ተመርቋል። የታከመና የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቢመጣልን እዚህ ተጠናቅቆ ወደ ውጭ የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ይዘን ቀርከሃ እንትከል የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። የ1998ቱን ጎርፍ ላየ ሰው ሥሩ አፈር የሚይዝ ተክል መመኘቱ ይገባኛል። የቆላው ቀርከሃ፣ ሽመል የምንለው፣ ውስጡ ድፍን ነው፣ ድርቅም ከደጋው በተሻለ ይችላል። ግን ጎርፉ የሚነሳው ከላይ ከደንገጎ ተራሮች ስለሆነ ከተተከለም እዚያ ነው መሞከር ያለበት፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፣ እነሱ በትንሽ መሬት ይሞክሩት። ሽመል ደግሞ ስንት አሥርት ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ በጅምላ ያብብና ይሞታል። ዘሩ ረግፎ ይበቅላል፣ ከብትና እሳት ካልቀደመው። ለገበሬ ተክል የሚሰጥ ሰው ይህንንም አብሮ ይንገረው፤ ኑሮውን በሱ ላይ ብቻ እንዳይጥል።

አዘጋጆች ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ቀርከሃ በምትጽፉበት ጊዜ የችግኙን ቁጥር ብቻ አትቀበሉ። ጋዜጠኛችሁ በበጋ ቀርከሃ ወዳለበት፣ ወደ ሁላ፣ ወደ አርቤጎና ወይም ወደ እንጅባራ ይሂድና መኪና ሲጫን አጠገቡ ይቁም። ስንት ዓመቱ ነው ብሎ ይጠይቅ። ዋጋው በዕድሜ ይለያይ እንደሆነም ይጠይቅ።

እኔ ዳሱን እንደገና ላሠራ ነው። ነሐሴ ላይ ለአባባ ቀብድ ልኬያለሁ፣ ለደረሰው ብቻ፣ ነጋዴው ከሚሰጠው አስበልጬ። ልጃቸው የእኔን መርጦ ቀይ ቀለም ቀብቷቸዋል። ቦራክሱንም ከአዲስ አበባ አስገዝቼ ልኬለታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። መስከረም ላይ ነጋዴ መጥቶ ቀዮቹንም አብራችሁ ሽጡልኝ ብሏቸው አባባ እምቢ ማለታቸውን ነገረኝ። የሚቆረጠው ጥር ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጁስ ቤት ባለቤት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን