ከእግራችን በታች ያለው ቅዝቃዜ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በሞቃትና ደረቅ አካባቢ ስለ ቤት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ማቀዝቀዣ ማሽን ነው። ጥቂት ሜትሮች ወደ ታች ከተቆፈረ ግን የቀኑ ሐሩር አይደርስም፤ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው አማካይ ሙቀት ብዙም አይርቅም። በአውስትራሊያዋ ኩበር ፒዲ ውጭው ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እንኳ ከዓለት የተፈለፈሉት ቤቶች ቀዝቃዛ ናቸው። በቱኒዚያዋ ማትማታ ክፍሎቹ የሚፈለፈሉት በተቆፈረ ግቢ ዙሪያ ስለሆነ ብርሃንም አየርም ያገኛሉ፤ እኔ ይህን አሠራር አብልጬ እወዳለሁ።

ንድፍ አውጪዎችን አጥብቄ የምለምነው ጎርፍን እንዳይረሱ ነው። በረሃ ሲዘንብ ድንገት ነው፤ የግቢው አፍ ዙሪያ ከፍ ካላለና ማፋሰሻ ከሌለው ቤቱን ውኃ ይሞላዋል። ሁለተኛ መውጫም የግድ ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ