ጭንቅላቱን የተመታ ታዳጊን ስለመለሳችሁበት መንገድ የቀረበ ቅሬታ

ለውድድሩ የመጀመሪያ እርዳታ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት
ደሴ

ባለፈው ጨዋታ ኳስ በአየር ሲሻማ ጭንቅላት ለጭንቅላት የተጋጨውን ተከላካያችንን ባለሙያችሁ ውኃ አፍስሶበት፣ «ደህና ነህ?» ብሎ ጠይቆ ወደ ሜዳ መለሰው። ልጁ ሲነሳ እየተንገዳገደ ነበር። ለአቤቱታችን የሰጣችሁንን «ራሱን አልሳተም» የሚል መልስ አንቀበልም። አብዛኛው የአንጎል መናወጥ (ጭንቅላት ሲመታ የአንጎል ሥራ ለጊዜው የሚታወክበት ጉዳት) ራስን ሳያስት የሚደርስ ነው። መንገዳገድ፣ መፍዘዝ፣ መልስ ማዘግየት፣ አንዱ እንኳ ከታየ ተጫዋቹ ይወጣል፤ በዚያው ቀንም አይመለስም። ያላገገመ አንጎል ድጋሚ ሲመታ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ በታዳጊዎች ላይ ገዳይ እብጠት ሊያስከትል ይችላል።

«ደህና ነህ?» ምርመራ አይደለም፤ መጫወት የሚፈልግ ልጅ ሁሉ «አዎ» ይላል። የሚጠየቀው፦ የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አሸነፋችሁ? አንዱን ከሳተ በቃ፣ ይወጣል። ሁሉን መመለሱ ግን ምልክት ያየንበትን ልጅ ነፃ አያወጣውም።

ከጨዋታው በኋላ ያደረጋችሁት ይብሳል። ነዋሪነቱ ኮምቦልቻ የሆነውን ልጅ ያለ አንዳች የጽሑፍ ምክር ብቻውን በሚኒባስ ሸኛችሁት። ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻውን መሆን የለበትም። ደጋግሞ ካስታወከ፣ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ እጅ እግሩ ከደከመ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ይህን ለወላጆቹ የነገራቸው የለም። በማግስቱ የተነሳው ሲቲ ስካን ንጹህ መሆኑም መከራከሪያ አይሆንም፤ ሲቲ ስካን የሚፈልገው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው፣ የአንጎል መናወጥን አያሳይም።

«ከ3 ቀን በኋላ መጫወት ይችላል» የሚለው ወረቀታችሁ ደግሞ በሒሳብም አያስኬድም። በ2022 (እ.ኤ.አ.) በአምስተርዳም የተካሄደው በስፖርት ላይ ስለሚደርስ የአንጎል መናወጥ የመከረ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቀለል ያለ እረፍት አለ፤ ወደ ጨዋታ መመለሻው 6 ደረጃ ሲሆን እያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ 24 ሰዓት ይወስዳል። ግጭት ያለበት ልምምድ የሚጀመረው ምልክቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሐኪም ሲፈቅድ ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርቱን ያለ ችግር መከታተል አለበት።

ስለዚህ ወረቀቱን ሰርዙ፤ በሜዳ ዳር «ይውጣ» ማለት የሚችል የሠለጠነ ባለሙያ መድቡ፤ የአደጋ ምልክቶቹን በአማርኛ አትማችሁ ለወላጆች ስጡ። ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

የታዳጊ ቡድኑ አሰልጣኞችና ወጌሻዎች
ግልባጭ፦ ለወላጆች ተወካይ